የእርሻ ቤትን ለእንግዳ ማከራየት፤ ከፈረንሳይ የወይን አገር ለደብረ ታቦር ነጋዴ የሚሆን ትምህርት

ንግድ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ዕቃን ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው አጓጉዞ መሸጥ ነው። ነገር ግን ሻጩም ዕቃውም ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ገዢው ራሱ ተጉዞ የሚመጣበት ንግድ አለ፤ ይኸውም ማደሪያ ማከራየት ነው። ከዚህ ንግድ አንዱ ዘርፍ፣ ባዶውን የቀረውን የገበሬ ቤት አድሶ ለመንገደኛ ማከራየት፣ በፈረንሳይ አገር ተፈትኖ የጸና ስለሆነ በደጋው አገር ላሉ ነጋዴዎች ሊጠና ይገባዋል። (የፈረንሳይ ዘመናት የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈረንሳይ የገጠር ወጣት ወደ ከተማ እየጐረፈ፣ የድንጋይ ቤቱና ጎተራው ባዶ ይቀር ጀመር። በሌላው ወገን ሠራተኛው ከ1936 ወዲህ ደመወዝ የሚከፈልበትን የዓመት ዕረፍት በሕግ አግኝቶ ነበርና፣ ለትልቅ ሆቴል አቅም የሌለው ቤተ ሰብ ርካሽ ማረፊያ ይፈልግ ነበር። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበሩት ኤሚል ኦቤር እነዚህን ሁለት ችግሮች አገናኝተው አንዱን ለሌላው መድኃኒት አደረጉት። የመጀመሪያው ቤት በ1951 ተከፈተ፤ በ1955ም «ዢት ደ ፍራንስ» የተባለው ማኅበር ተቋቋመ።

«ዢት» ራሱን የቻለ ሙሉ ቤት ሲሆን፣ እንግዳው ብዙውን ጊዜ ለሳምንት ተከራይቶ ምግቡን ራሱ ያበስላል። ክፍል ብቻ ከቁርስ ጋር የሚከራይበት ሌላ ዓይነት አለ፤ ይህም ከ5 ክፍልና ከ15 እንግዳ እንዳያልፍ በሕግ ተወስኗል። ማኅበሩ ቤቱን መርምሮ ከ1 እስከ 5 በሚደርስ የእህል ዛላ ምልክት ደረጃ ስለሚሰጠው፣ በሩቅ ያለ ሰው ያላየውን ቤት አምኖ ይከፍላል። ቡናን በደረጃ ለሚገዛና ለሚሸጥ ነጋዴ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም።

በቦርዶና በቡርጎኝ የወይን አምራቾች ዘንድ ጥቅሙ እጥፍ ነው። እንግዳው በታደሰው የእርሻ ቤት ያድርና፣ ሲመለስ ከባለ ቤቱ ጓዳ የቀመሰውን የወይን ጠጅ በሣጥን ገዝቶ ይሄዳል። አምራቹም ደላላና ማጓጓዣ ሳያስፈልገው በደጁ ይሸጣል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን መሠረቱ ወይኑ መሆኑን ነው፤ ኪራዩ ጭማሪ ነው።

ወደ ደቡብ ጎንደር ሲመለሱ፣ የሚሸጠው ነገር እንደማይታጣ ግልጽ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ትገኛለች። ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ጋፋት በአቅራቢያዋ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራም ከዚያው ነው። ሆኖም ወደ ላሊበላ የሚሄደው ጎብኚ ሳያድር ሲያልፍ፣ ገንዘቡም አብሮት ያልፋል።

በዚሁ መንገድ ላይ፣ በላይ ጋይንት አዋሳኝ በመቄት፣ ተስፋ የተባለው ድርጅት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከገበሬዎች ጋር በመተባበር በአገሩ ሥርዓት የተሠሩ የሣር ክዳን ቤቶችን ለጎብኚ አዘጋጅቷል። እንግዳው በእግሩ ከመንደር ወደ መንደር ሲሄድ ጓዙን አህያ ይጭንለት ነበር። ቤቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የማኅበረሰቡ ስለሆነ፣ የመሸበትን የእግዚአብሔር እንግዳ ዋጋ መጠየቅ የሚያሳፍረው ገበሬም ከኀፍረት ይድናል። በፎገራ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ የተመሠረተው የአውራምባ ማኅበረሰብም የእንግዳ ማረፊያ አቋቁሟል፤ ነገር ግን የሚተዳደርበት ሽመናውና ወፍጮው ስለሆነ፣ እዚህም እንግዳው ጭማሪ ነው።

አሁን ስሌቱን እንመልከት፤ ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንዱን ቤት ለማደስና አልጋና ምንጣፍ ለማሟላት 180,000 ብር ወጣ እንበል። የአንድ ሌሊት ኪራይ 1,000 ብር ሆኖ ለማገዶ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለጠባቂ 400 ብር ቢወጣ 600 ብር ይተርፋል። በዓመት 60 ሌሊት ቢከራይ ትርፉ 36,000 ብር ስለሚሆን ገንዘቡ በ5 ዓመት ይመለሳል። 20 ሌሊት ብቻ ቢከራይ ግን 12,000 ብር ሆኖ 15 ዓመት ይፈጃል። እንግዲህ ንግዱን የሚያጸናው ወይም የሚጥለው ከኪራዩ ዋጋ ይልቅ የሌሊቱ ብዛት ነው።

የሌሊቱ ብዛት ደግሞ በባለ ቤቱ እጅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት እስከ ደቡብ ጎንደር ደርሷል፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሥቶ ጎብኚው እጅግ ቀንሷል። በብድር ትልቅ ማረፊያ የሠራ ሰው እንግዳ ባይመጣም ወለዱን ይከፍላል። ያለውን ቤት ያደሰ ገበሬ ግን ገብሱንና ድንቹን እየሸጠ፣ ቤቱንም ጎተራ አድርጎ ሰላም እስኪመለስ ይቈያል።

ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚያስብ ነጋዴ ሦስት ነገር ይያዝ። አንደኛ፣ አዲስ ከመሥራት በፊት ያለውን ቤት ያድስ፤ የድንጋዩ ግንብና የሣር ክዳኑ ራሱ የሚሸጠው ነገር ነውና። ሁለተኛ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ የንጽሕናና የዋጋ ደረጃ ይወስን። ሦስተኛ፣ ማሩን፣ ባናውንና የሸማኔውን ሥራ በቤቱ ደጅ ያቅርብ። ባለ ሱቁም አንሶላውንና መብራቱን ለማቅረብ ከወዲሁ ይሰናዳ። መንገደኛው በተመለሰ ጊዜ የታደሰ ቤት ያገኘ እንደ ሆነ ያድራል፤ የፈረሰ ቤት ያገኘ እንደ ሆነ ግን እንደ ቀድሞው አልፎ ይሄዳል።