ተማሪዎችን ጀልባ የምናሳፍረው ከየት ነው?

እንደሚታወቀው ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ለማስተማር ከጀልባ የተሻለ የመማሪያ ክፍል አይገኝም። ታዲያ እኛ የነገ መምህራን ልጆችን ይዘን ቡሹሎ ስንወርድ ስለ ጀልባው ጥንካሬና ስለ ነፍስ አድን ጃኬቱ ብቻ ሳይሆን ስለ መሳፈሪያው ሥፍራም መጠየቅ አለብን።

ምክንያቱም በቡሹሎ ዳርቻ የቢልሃርዚያ በሽታ መኖሩ በጥናት ታውቋል። በሽተኛው ውሃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ ዕንቁላል ውሃ ይገባል። የተፈለፈለው ትል በውሃ ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፣ እግር መንከር ይበቃል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ደግሞ የረጋ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ቄጤማ የበዛበት ውሃ ነው። ልጆች ጫማቸውን አውልቀው የሚገቡበት እኮ ይኸው ነው!

ስለዚህ መሳፈሪያ ስንመርጥ፦

1ኛ/ ጀልባው እስከ ደረቅ መሬት ወይም እስከ ጣውላ የሚጠጋበት ይሁን፤ የማንም እግር ውሃ አይንካ።

2ኛ/ ቄጤማ ያልበዛበት፣ ሰው የማይጸዳዳበት ይሁን።

3ኛ/ የጉማሬ መተላለፊያ አይሁን። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ወጥቶ ሲነጋ ይመለሳል፤ በሱና በውሃው መካከል መቆም አደገኛ ነው።

4ኛ/ በዋዜማው ሄደን እንየው። ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው እንደ ዝናቡ ይሞላል፣ ይጎድላል። አምና ደረቅ የነበረው ዘንድሮ ረግረግ ሊሆን ይችላል።

ውሃ የገባ ልጅ ካለ ዝም አንበል፤ ለወላጁ እንንገር። ዕንቁላሉ በምርመራ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ጤና ጣቢያው የሚለውን ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። ቢሆንም ከመድኃኒቱ በፊት የመምህሩ ዓይን ይቅደም!