ዘይት የሚሸት ሞተር፤ ዋጋ ከመቆረጡ በፊት

በመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ሲሸጥም ሆነ መኪና በደላላ በኩል ሲታይ ዋጋ ከሚያወርዱት ቃላት አንዱ «ዘይት ይሸታል» የሚለው ነው። ገዢው «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ያጣጥላል፤ ሻጩ «ጓርኒሲዮን ብቻ ነው» ይላል። ሁለቱም ኮፈኑን በወጉ ሳይከፍቱ ሊሆን ይችላል። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደህናውን ሞተር መጣልም ሆነ ያለቀውን በደህና ዋጋ መግዛት ኪሳራው ከብዷል።

ነዳጅ ሲቃጠል ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተን ሪንጎች ጎን ሾልኮ ዘይት ወዳለበት የሞተሩ ሆድ ይወርዳል። አዲስ ሞተርም ከዚህ አያመልጥም። ድሮ ይህ ጋዝ በቱቦ ወደ መንገድ ይለቀቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1961 ሞዴል ጀምሮ በካሊፎርኒያ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች መልሰው እንዲያቃጥሉት ተደረገ፤ አሠራሩም ቀስ በቀስ ዓለምን አዳረሰ። በብዙ የቤንዚን ሞተሮች ላይ ፍሰቱን የሚቆጣጠረው ፒሲቪ የሚባል ትንሽ ቫልቭ ነው። ቫልቩ በጥቀርሻና በረጋ ዘይት ሲደፈን ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ዘይቱን በጓርኒሲዮንና በማገጃ ጎማዎች በኩል ይገፋዋል። የወጣው ዘይት በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ሲንጠባጠብ ሽታው ጋቢና ድረስ ይገባል። እንዲህ ባለ ጊዜ ጓርኒሲዮን ብቻ ለውጦ መኪናውን መሸኘት ገንዘብ ማባከን ነው።

ችግሩ ያለቀ ሪንግም ይህንኑ ምልክት ማሳየቱ ነው። ለመለየት ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ይከፈትና ቁራጭ ወረቀት ይደረግበታል። ወረቀቱን በቀስታ ወደ ውስጥ ከሳበው መተንፈሻው ይሠራል፤ ወደ ላይ ካነሳው ግፊት አለ። ቀጥሎ ቫልቩ ከቱቦው ሳይለይ ከሞተሩ ይነቀልና ጫፉ በጣት ይዘጋል፤ መሳቡ ሊሰማ ይገባል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲነቀነቅም ውስጡ ማንኳኳት አለበት። ቫልቩ ተለውጦ፣ ቱቦውም ተጠርጎ ግፊቱ ካልቀነሰ ጥርጣሬው ወደ ሪንጉ ይዞራል።

ያኔ ኮምፕሬሽን ይለካል። ደህና ሞተር በከንቱ ሊፈረድበት የሚችለው እዚህ ላይ ነው። መርካቶ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። መጽሐፉ 180 ፒ.ኤስ.አይ. የሚልለት ጤነኛ ሞተር እዚህ 140 አካባቢ ቢያሳይ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ርቆ መውረዱ ነው። በዚያ ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ተጨምሮ ልኬቱ ጉልህ ከፍ ካለ ጥፋቱ የሪንግ ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ የሞተር ቫልቮቹ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል።

አሮጌ የናፍጣ አይሱዙ የሚገዛ ነጋዴ የወረቀቱን ፈተና ይተወው፤ የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ አይስብም፤ በመተንፈሻው ትንሽ ጭስ ማውጣቱም ብቻውን በሽታ አይደለም። ክዳኑ ተገልብጦ ቀዳዳው ላይ ሲቀመጥ ግፊቱ አስፈንጥሮ ከጣለው ግን ዋጋውን እንደገና መነጋገር ያስፈልጋል።

ከአየር ማጣሪያው ተነቅሎ ወደ መሬት የተንጠለጠለ ቱቦ፣ ለሽያጭ ቀን የታጠበ ሞተርና ከልክ በላይ የወፈረ ዘይት ሻጩ ሽታውን ሊደብቅ እንደሞከረ ያስጠረጥራሉ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ መድረስ ይበጃል። ቫልቩን ለመለወጥም የሞተሩን ዓይነት ቁጥር ይዞ መሄድ ነው፤ መልካቸው አንድ ሆኖ የውስጥ ስፕሪንጋቸው የሚለያይ አሉ፤ ያልሆነው ከተገጠመ ሚኒሞው ይዛባል፣ ዘይትም ይጎድላል።