የማገዶ ነገር በኢትዮጵያና በአፍሪቃ

ኃይል የሚባለው ሥራ የሚያሠራ፥ ሙቀትና ብርሃንም የሚሰጥ ነገር ነው። እንጨት፥ ከሰል፥ ኩበት፥ ነዳጅ ዘይት፥ ኤሌክትሪክ ሁሉ የኃይል ምንጮች ናቸው።

ኢትዮጵያ ከምትጠቀምበት ኃይል ከ10 እጅ 9 እጁ ያህል የሚገኘው ከእንጨት፥ ከከሰል፥ ከኩበትና ከአገዳ ነው። በመላው አፍሪቃ ግን ይኸው ድርሻ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ዳሩ ግን ይህን ያነበበ ተማሪ፥ ሌላው የአፍሪቃ ሕዝብ እንጨት ማንደድን ትቷል ብሎ እንዳያስብ ያስፈልጋል። ግብጽ፥ ሊቢያና አልዤሪያ በነዳጅ ዘይትና በጋዝ፥ ደቡብ አፍሪቃም በድንጋይ ከሰል ብዙ ኃይል ስለሚያወጡ፥ የክፍለ ዓለሙን አማካይ ያወርዱታል። ኮንጎና ታንዛኒያ ከኢትዮጵያ ብዙ አይርቁም።

በእንጨቱ ብዛት ሲታይ ደግሞ፥ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ለ2013 ዓመት ባወጣው ግምት፥ በአፍሪቃ የተቈረጠው ማገዶ ከ600 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ፥ በኢትዮጵያም ከ100 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከአፍሪቃ ሰዎች ከ12ቱ አንዱ ያህል ኢትዮጵያዊ ሲኾን፥ ከማገዶው ግን ከ6 እጅ አንዱ ያህል የኢትዮጵያ ነው ማለት ነው።

ይህ ቍጥር በአረካ ምን እንደሚመስል እንመልከት። አረካ በወላይታ፥ ከሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው አገር ሕዝብ የበዛበት፥ የየሰዉም መሬት ጠባብ ስለ ኾነ፥ እንጨት የሚለቀምበት ዱር ተመናምኗል። በየደጁ የሚታየው ባሕር ዛፍም በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ አዲስ አበባን ማገዶ ባጠራት ጊዜ፥ ከውጭ አገር የመጣ ነው። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነዳል፤ ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት የሚመጣውም ከዚህ ነው። የወላይታ እንሰት የሚፋፋው ከቤት በሚወጣ ፍግ ነውና፥ በምድጃ የነደደው ኩበት ከእንሰቱ ሥር የተወሰደ ምግብ ነው። እንሰቱ የከሳበት ቤት በክፉ ቀን የሚቈፍረው ያጣል።

በወላይታና በዳውሮ መካከል፥ በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው ግልገል ጊቤ 3ኛ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ጕልበቱም 1,870 ሜጋዋት ነው። ኾኖም ኤሌክትሪክ መብራት የገባለት ቤት እንኳ ብዙውን ጊዜ ወጡን በእንጨት ይሠራል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ ዋጋ ይጠይቃልና።

በሦስት ጕልቻ ላይ በሚነድ እሳት ከሙቀቱ ከ10 እጅ አንዱ ወይም ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ድስቱን ይደርሰዋል፤ የቀረው በነፋስና በጢስ ይሄዳል፤ ጢሱም የእናቶችንና የሕፃናትን ዓይንና ሳንባ ይጐዳል። ምርጥ የተባለው የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከሰል ጢሱ ጥቂት ቢኾንም ቍጠባ አይደለም፤ በአፈር ተቀብሮ ሲከሰል አንድ ኪሎ ለማግኘት አምስት ኪሎና ከዚያም በላይ እንጨት ይጠፋልና።

በዚያው በወላይታ፥ በሁምቦ፥ የተራቈተ ተራራ ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ዠምሮ ከከብትና ከምሳር ተከልሎ፥ ከ2,700 ሔክታር በላይ ዱር ኾኗል። አብዛኛው አዲስ ችግኝ አይደለም፤ በመሬት ውስጥ ሕያው ኾኖ የቈየው ጕቶ ራሱ አቈጠቈጠ እንጂ። ገበሬዎቹም በማኅበር ኾነው ይጠብቁታል፤ ከሚመለመለውም ቅርንጫፍ ማገዶ ያገኛሉ።

መልመጃ፤ አንድ ቤት በቀን 8 ኪሎ እንጨት ቢያነድ በዓመት ስንት ኪሎ ያነዳል? በግማሽ የሚቀንስ ምድጃ ቢያገኝስ? ተማሪው የቤቱን ማገዶ ሰባት ቀን መዝኖ ይጻፍ፤ እርጥቡንና ደረቁንም ለየብቻ ያድርግ፤ እርጥብ እንጨት ውሃውን ለማድረቅ ብዙ ሙቀት ያጠፋልና።