በጕልማሳነት ዘመን ስለሚጨምር የሰውነት ክብደትና ጤንነትን በራስ ስለ መገመት

ሁለት ወዳጆች ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲገናኙ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ከተባባሉ በኋላ የሚነሣው ነገር ብዙውን ጊዜ የሥጋ ነገር ነው። ወፈር ያለውን «ተስማምቶሃል፤ አምሮብሃል» ይሉታል፤ የከሳውን ግን «ምነው፣ አሞህ ነበርን?» ብለው ይጠይቁታል። ረኃብና ወረርሽኝ በተደጋገመበት አገር ሥጋ የጥጋብና የደኅንነት ምልክት ሆኖ መቈጠሩ አያስደንቅም። ነገር ግን ዕድሜው ከአርባ ዓመት ያለፈና የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት በወንበር ላይ የሚያሳልፍ ሰው ይህን ምስጋና እንደ ሐኪም ቃል የተቀበለው እንደ ሆነ ሊጐዳ ይችላል። የዚህም ትምህርት ዓላማ ምክንያቱን ማስረዳት ነው።

ሰው ስለ ራሱ ጤንነት የሚሰጠው ግምት ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። በካናዳ አገር በማኒቶባ ጠቅላይ ግዛት ሽማግሌዎችን «ጤንነትዎ እንዴት ነው?» ብለው ጠይቀው ለዓመታት የተከታተሉ ሊቃውንት በ1982 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ውጤቱን አሳትመዋል። «መጥፎ ነው» ብለው የመለሱት «እጅግ መልካም ነው» ካሉት ይልቅ ቶሎ የመሞታቸው ዕድል ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም የሕክምና መዝገባቸው ታይቶ የበሽታቸው ልዩነት ከታሰበ በኋላ ነው። በ1997 ደግሞ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ 27 ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ አብዛኞቹ ይህንኑ መሰከሩ። ስለዚህ «ደኅና አይደለሁም» የሚለውን ሰው፣ ምርመራው ምንም ባያሳይም እንኳ፣ «ምንም የለብህም» ብሎ ማሰናበት ተገቢ አይደለም።

«ደኅና ነኝ» የሚለው ግን በአንድ ነገር ይሳሳታል። ሰውነታችን በድንገት የመጣውን ሕመም እንጂ ቀስ ብሎ የሚመጣውን ለውጥ አይነግረንም። በዓመት ግማሽ ኪሎ የሚጨምር ሰው በየወሩ የሚጨምረው ከአንድ ዕንቍላል ክብደት አይበልጥም፤ እርሱም ሚስቱም አያስተውሉትም። ከ35 እስከ 55 ዓመት ዕድሜው ግን አሥር ኪሎ ይሆናል። አሥር ኪሎ ጤፍ ተሸክመህ ዳገት ውጣ ቢባል ገና ሳይጀምር ያጕረመርም ነበር። ይህን ግን ሌሊትና ቀን ተሸክሞት ሲኖር፣ በደረጃ ላይ ትንፋሽ ቢያጥረው «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል።

በእርጅና ማመካኘቱም ብዙ አያስኬድም። ሰውነት ከአርባ ዓመት በኋላ ምግብን የማቃጠል ኃይሉ ይዳከማል እየተባለ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቈይቷል። በ1921 ሳይሆን ገና በ2021 ከ29 አገሮች የተሰበሰቡ ከ6,400 የሚበልጡ ሰዎች መረጃ ተመርምሮ እንደ ታየው ግን፣ የሰውነት መጠን ከተመዛዘነ በኋላ ይህ ኃይል ከ20 እስከ 60 ዓመት ዕድሜ ድረስ እምብዛም አይለወጥም። እንግዲህ የጕልማሳውን ሆድ የሚያሰፋው በይበልጥ ኑሮው ነው። በእግሩ ይሄድ የነበረው በመኪና ይሄዳል፤ ሹመት ሲጨምር ግብዣ ይጨምራል፤ ገበታው ግን እንደ ወጣትነቱ ዘመን እንደ ሞላ ይቀርባል።

ጉዳቱን በቍጥር ያሳየ ከአሜሪካ ነርሶች የተገኘ ጥናት አለ። ከ114 ሺህ በላይ የሆኑ ሴቶች ከ1976 ጀምሮ ለ14 ዓመታት ተከታትለዋል። ከ18 ዓመት ዕድሜያቸው ወዲህ ክብደታቸው ብዙ ካልተለወጠው ጋራ ሲነጻጸሩ፣ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ገደማ የጨመሩት በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ያህል፣ ከ8 እስከ 11 ኪሎ ገደማ የጨመሩት ደግሞ ወደ ሦስት እጥፍ የተጠጋ ሆነ። አምስት ኪሎ የጨመረችን ሴት ማንም ወፍራም ብሎ አይጠራትም።

ነገሩ ወደ እኛም ይደርሳል። በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከሄዱት ቤተ እስራኤል ብዙዎቹ ሲደርሱ ቀጫጭኖች ነበሩ። በአዲሱ ኑሮ ዓመታት እየተቈጠሩ ሲሄዱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው በዛ፤ ሐኪሞችም እንዳስተዋሉት ከሌላው የአገሩ ሕዝብ ይልቅ በአነስተኛ ክብደት ሳሉ ይይዛቸዋል። ስለዚህ «ከጎረቤቴ ይልቅ ቀጭን ነኝ» ማለት መጽናኛ አይሆንም። ሰው መመዛዘን ያለበት ከጎረቤቱ ጋራ ሳይሆን ከራሱ ከቀድሞው ክብደት ጋራ ነው።

ሳያስቡት መክሳትም እንዲሁ መታየት አለበት። 70 ኪሎ የነበረ ሰው ምግቡን ሳይቀንስ በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከሦስት ኪሎ ተኩል በላይ ቢጐድል ወደ ሐኪም ይሂድ፤ የሳንባ ነቀርሳ፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክ ወይም ሌላ ከባድ በሽታ ሊሆን ይችላልና። በተለይ ወፍራም የነበረው ሰው መክሳት ሲጀምር፣ ውሃ ሲጠማውና ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ ሲነሣ፣ ባልንጀሮቹ «ቀለል አልህ» እያሉ ደስታቸውን የሚገልጹለት የስኳር በሽታው በገሃድ በወጣበት ሰዓት ነው።

ራስን ለመቈጣጠር ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በመንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች በጥቂት ገንዘብ ይመዝናሉ፤ ጕድለቱ ተመዛኙ ቍጥሩን ሰምቶ ስቆ መሄዱ ነው። በየወሩ፣ በተቻለ መጠን በአንዱ ሚዛን፣ ጫማንና ካፖርትን አውልቆ መመዘንና ከነቀኑ በደብተር መጻፍ ይገባል። ቀበቶውን ምስክር አድርጎ የሚጠራም አለ። ቦርጭ ሲመጣ ግን ሱሪው ከሆድ በታች ይወርዳልና ቀበቶው ሃያ ዓመት በአንድ ቀዳዳ ሊቈይ ይችላል። ከዚህ ይልቅ ክር ይሻላል፤ ቁመትን ያህል ክር ለክቶ ለሁለት ማጠፍና ከእምብርት ትንሽ ከፍ አድርጎ ወገብን መዞር ነው። የታጠፈው ክር ጫፍና ጫፍ ካልተገናኘ ወገቡ ከቁመቱ እኩሌታ አልፏል ማለት ነው፤ ደምና የደም ግፊት መመርመር ያሻል።

በ2002 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት፣ አማካይ ዕድሜያቸው 51 ዓመት የሆነና ወደ ስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው ከመቶ ሰባት እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲራመዱ ቢደረግ፣ በበሽታው መያዛቸው በ58 ከመቶ እንደ ቀነሰ አሳይቷል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ አምስት ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድም ሰው ደብተሩን ይዞ ይሂድ፤ ሐኪሙ በአንድ ቀን ሚዛን የማያገኘውን የዓመታት ታሪክ በእርሱ ያገኛል።