ደረቅ ወንዝም ሐሪም አለው



ድሬዳዋ ውስጥ ከምሰግድበት የሰፈራችን መስጂድ ጀርባ አንድ ደረቅ ወንዝ አለ። ወንዝ ብለን እንኳ አንጠራውም፤ «አሸዋው» ነው የምንለው። ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ አይታይበትም። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየልና ግመል ያልፍበታል፣ ግንበኞች አሸዋ ይጭኑበታል። ባለፈው ወር የመስጂዱ ኮሚቴ ተሰብስቦ የሴቶች መስገጃ ስለጠበበ ግቢው ወደ አሸዋው ይስፋ፣ አዲሱ አጥርም ዳርቻው ላይ ይቁም ሲል ወሰነ። ድንጋዩም መጥቶ ተራገፈ። የተቃወምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ የማከብራቸው ሐጂ «ልጄ፣ ውሃ በሌለው ወንዝ ምን ታደርቀናለህ? የምናሰፋው እኮ የአላህን ቤት ነው» አሉኝና ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰብሳቢው ግን «ማስረጃ ካለህ ጽፈህ አምጣ» ብለው ቀጠሮ ሰጡኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ መልስ ነው። ጉዳዩ የአንድ መስጂድ ብቻ ስላልመሰለኝ በጋዜጣ እንዲወጣ መረጥኩ።

በመጀመሪያ ሁላችንም የምናውቀውን ላስታውስ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ መጣ። ቀዚራንና መጋላን የሚለየው ያ ሰፊ አሸዋ፣ በበጋ በእግራችን የምንሻገረው፣ በላይ በደጋው የጣለውን ከባድ ዝናብ ተሸክሞ ሰው በተኛበት ሰዓት ደረሰ። ከ250 በላይ ሰዎች አለቁ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቀሉ። በማግስቱ ሁላችንም «ቀደር ነው» አልን። ቀደር መሆኑን የሚክድ ሙስሊም የለም። ነገር ግን ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ብለው እንደመለሱለት ሕፃናቱ ሳይቀሩ ያውቃሉ። ቤትን የጎርፍ መተላለፊያ ላይ ሠርቶ ቀደር ማለት ግመሉን ሳያስሩ ከመሄድ በምን ይለያል?

ለመሆኑ ሸሪዓችን ስለ ወንዝ ዳርቻ የሚለው አለ? አለ፤ ስሙም ሐሪም ይባላል። ሐራም ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። በፊቅህ መጻሕፍት «ኢሕያኡል መዋት» ማለትም ባለቤት የሌለውን የሞተ መሬት ስለ ማልማት በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ ይገኛል። የሞተ መሬት ያለማ ሰው መሬቱ የእርሱ ይሆናል፤ ይህ የታወቀ ነው። ሆኖም የጉድጓድ፣ የምንጭ፣ የወንዝ፣ የመንገድና የመንደር ዙሪያ ባዶ ቢሆንም የሞተ መሬት አይባልም፤ የዚያ ነገር ሐሪም ነውና ማንም አጥሮ ሊይዘው አይችልም። ለእንስሳት ማጠጫ ጉድጓድ ለቆፈረ ሰው በዙሪያው 40 ክንድ እንደሚሰጠው በሐዲስ ተዘግቧል። ለምን ቢባል፣ ባዶ ስፍራ ከሌለ ከብቶቹ የት ይቆማሉ? ጉድጓዱ ያለ ዙሪያው ጉድጓድ ሆኖ ሊያገለግል አይችልም።

ስለ ወንዝ ሲሆን የሐነፊያ ሊቃውንት ልኬቱን ጭምር ተከራክረውበታል። አል-መርጊናኒ በሒዳያ እንደዘገቡት፣ አንድ ሰው በሌላው መሬት ውስጥ የሚያልፍ ወንዝ ቢኖረው አቡ ሐኒፋ ያለ ማስረጃ ሐሪም አይሰጡትም። ሁለቱ ደቀ መዛሙርታቸው ግን ይሰጡታል፤ በዳሩ የሚሄድበትና ከወንዙ የሚጠርገውን ደለል የሚያፈስበት ቦታ ያስፈልገዋልና። በአቡ ዩሱፍ አነጋገር በያንዳንዱ ዳር የወንዙን ስፋት ግማሽ፣ በሙሐመድ አነጋገር ደግሞ በያንዳንዱ ዳር ሙሉውን የወንዙን ስፋት ያህል ነው። ይህ ክርክር ስለ ግለሰብ የውሃ መውረጃ እንጂ ስለ ሕዝብ ወንዝ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ልኬቱን የማነሳው ለማነጻጸር ያህል ነው። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው እዚያው ሒዳያ ውስጥ ያለው ሌላ ፍርድ ነው። ኤፍራጥስ ወይም ጤግሮስ ትቶት የሄደውን ቦታ፣ ውሃው ተመልሶ ሊመጣ የሚችል ከሆነ፣ ማንም ሊያለማው አይፈቀድም፤ ምክንያቱም ሕዝቡ ያ ቦታ ወንዝ ሆኖ እንዲቆይለት ይፈልጋል። ሊመለስ የማይችል ከሆነ ብቻ እንደ ሞተ መሬት ይታያል። እንግዲህ ጥያቄው «ዛሬ ውሃ አለው ወይ?» አይደለም። «ይመለሳል ወይ?» ነው። በድሬዳዋ ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል?

«እኛ ሻፊዒዮች ነን» የሚሉ ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ። መልካም፤ የሻፊዒያው ይብሳል። በዚህ መዝሀብ ሐሪም በክንድ ተቆጥሮ አይወሰንም፤ ከነገሩ ሙሉ ጥቅም ለማግኘት የሚያስፈልገው ሁሉ ሐሪሙ ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት የኖሩት ኢብን ሐጀር አል-ሐይተሚ ሚንሃጅን ባብራሩበት በቱሕፋ ስለ አባይ ዓይነት ወንዝ ሲናገሩ፣ በሐሪሙ ውስጥ መገንባት አይፈቀድም፣ መስጂድ እንኳ ቢሆን፣ የተሠራውም ይፈርሳል፣ የአራቱ መዝሀቦች ሊቃውንትም በዚህ መስማማታቸው ተላልፏል ይላሉ። «መስጂድ እንኳ ቢሆን» የሚለውን ሐጂ ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። ከእርሳቸው በፊት ሱዩጢ በካይሮ ሰዎች ወደ አባይ ዳር እየገፉ መሥራታቸውን ለመከልከል ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈዋል። ኢብን ሐጀርም ሕዝቡ ይህን ሁሉ ሰምቶ አልታቀበም ሲሉ ያማርራሉ። የተከራከሩበት ውሃ አብዛኛው ከእኛ አገር የወረደ መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል፤ ፍርዱ ወደ ምንጩ ለመመለስ ስንት ዘመን ፈጀበት!

አሁን «የሚያስፈልገው ሁሉ» የተባለው ምን ምን እንደሆነ እንመልከት። ጎርፍ ሲመጣ ወንዙ ወደ ጎን የሚሰፋበት ቦታ ይፈልጋል። ያን ቦታ በግንብ ብናጠብበት ውሃው አይጠፋም፤ ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ ይፈጥናል፣ ከእኛ በታች ወይም ከማዶ ያለውን ጎረቤት ይመታል። አጥራችን የእኛን ግቢ ቢያድን እንኳ የማዶውን ቤት ይበላል ማለት ነው። በዳር ያለው ዛፍና ቁጥቋጦ ደግሞ በሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ ሣሩ ከመንደር የሚወርደውን ቆሻሻና ደለል ያጣራል። ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ በደቻቱ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ወደ እርሱ የሚገቡት ትንንሾቹ አሸዋዎች ግን እንዲሁ ናቸው፤ ማንም በየጓሮው ጥቂት ጥቂት እየገፋ ያጠባቸዋል።

ይህን የሚያውቁት የጥንት ፉቀሃእ ብቻ አይደሉም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ በ1988 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መሠረት፣ በምሥራቁ ክፍል ያሉ ከተሞችና አውራጃዎች ሁልጊዜ በሚፈስ ወንዝ ዳር 100 ጫማ፣ ማለትም 30 ሜትር ያህል፣ በዕፀዋት እንደተሸፈነ እንዲጠበቅ በየራሳቸው የቦታ አጠቃቀም ደንብ አስገብተዋል። የገዛ ግቢህ ቢሆንም በዚያ ውስጥ እንዳሻህ አትሠራም። ማሳቹሴትስ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ልኬቱን 200 ጫማ አድርጋ፣ ቤት በተጨናነቀባቸው እንደ ቦስተን ባሉ ከተሞች ግን ወደ 25 ጫማ ዝቅ አድርጋዋለች። ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩ እንደየቦታው ይለያያል፣ መስመር መኖሩ ግን አያከራክርም። አንድ ነገር ግን ልብ አድርጉ። የቨርጂኒያው ደንብ የሚያየው ሁልጊዜ የሚፈሰውን ነው። ለድሬዳዋ እንዳለ ቢገለበጥ አሸዋዎቻችን ከሕግ ውጭ ይቀሩ ነበር። በዚህ የሒዳያው ፍርድ ለአገራችን ይበልጥ ይስማማል።

የአገራችን ሕግስ? የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የውሃ አካላትን ዳርቻ መከለልና በክልሉ ውስጥ ዛፍ መቁረጥንና መኖሪያ ቤት መሥራትን መከልከል እንደሚችል ይደነግጋል። «ይችላል» ነው የሚለው። ስንት ሜትር እንደሆነ አዋጁ አልቆረጠም፤ ያ በየአካባቢው የሚወሰን ነው። ስለዚህ መስመሩ ተለክቶ ችካል እስኪተከል ድረስ ወረቀቱ ጎርፍ አያቆምም።

ባለፈው እሑድ ገመድ ይዤ ወረድኩ። አሸዋው ከዳር እስከ ዳር 18 እርምጃ ነው። እንግዲህ በአቡ ዩሱፍ 9 እርምጃ፣ በሙሐመድ 18 እርምጃ መተው ነበረብን። አጥሩ ሊቆም የታሰበው በ4 ነው። የቆየው ሽንት ቤታችን በ6 ላይ ተቀምጧል፤ ቱቦው በቀጥታ ወደ አሸዋው ይወርዳል። ውሃ መውረጃ ላይ መጸዳዳት እርግማን እንደሚያመጣ የተነገረንን ሐዲስ በየዓመቱ እናስተምራለን፤ ዝናብ ሲመጣ ግን የእኛ ቆሻሻ በታች ያሉ ሰዎች ደጃፍ ይደርሳል። ከዚያ አልፎ፣ ከዳር 14 እርምጃ ላይ ካለ ግራር ጎርፍ ያመጣው ጨርቅና ጭራሮ ተጠምጥሞ አገኘሁ። ውሃው እዚያ ድረስ ይመጣል ማለት ነው። በሻፊዒያ መስፈርት ሐሪሙ እስከዚያ ግራር ነው።

የእናቴ ቤት 11 እርምጃ ላይ ነው።

ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቡናዋን አወረደች። ቆይታ «እኔ ከዚህ ብነሳ የማን ጎረቤት እሆናለሁ?» አለችኝ። ከተነሳሁበት ነገር ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ መልስም አልነበረኝም። በየወንዙ ዳር የሚኖረው ሌላ ቦታ ያጣ ሰው ነው። መስመር ይሰመር ስንል ያን ሰው አውጥቶ መጣል ማለታችን ከሆነ አንድን ጉዳት በሌላ ጉዳት መለወጥ ነው፤ ይህም በፊቅህ መሠረተ ሐሳቦች የተወገዘ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 መንግሥት በሚያካሂደው ፕሮግራም የተፈናቀለ ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ምትክ የማግኘት መብት እንዳለው ሰፍሯል። ስለሆነም ቅደም ተከተሉ ይለያይ እላለሁ። አዲስ ግንባታ ዛሬውኑ ይቁም፤ ነባሩ ነዋሪ ደግሞ በቅርብ ምትክ ቦታ ሲያገኝ፣ ከዕድሩና ከጎረቤቱ ሳይበተን ይነሳ። መጀመሪያ ወደ ኋላ መመለስ ያለበት ግን ገንዘብና ምርጫ ያለው ነው። በሰፈራችን ገንዘብ ያለውና ድንጋይ ያስመጣው ማነው? መስጂዱ ነው።

በርግጥ እኛ ብቻ ብንስተካከል አይበቃም። የድሬዳዋ ጎርፍ የሚወለደው በሐረርጌ ደጋ ነው፤ አስተዳደሩ ሌላ፣ ገበሬው ሌላ። ተራራው ከተራቆተ የእኛ መስመር ብዙም አያድንም። ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ኢንሻአላህ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የሴቶች መስገጃ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ይሠራ፤ የመጣው ድንጋይ ለምሰሶዎቹ መሠረት ይዋል። ሽንት ቤቱ ወደ መንገዱ በኩል ይዛወር፣ ፍሳሹም በተደፈነ ጉድጓድ ተይዞ በመኪና ይመጠጥ። ማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ ልኮ የአሸዋውን መስመር ከግራሩ ጀምሮ እንዲያሰምርልን በጽሑፍ እንጠይቅ፤ ማመልከቻው ላይ የእናቴ ቤት በመስመሩ ውስጥ መሆኑንም እኔው እጽፋለሁ። ቀጠሯችን የፊታችን ጁሙዓ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ገመዱን ይዤ እመጣለሁ፤ ሐጂም አብረውኝ ወርደው እንዲለኩ እጠይቃቸዋለሁ።