ውኃ የሚወድ፣ ኩሬ የማይወድ፦ አሸንዳን በጓሮ ማልማት

ለጥርባና ለአካባቢው አርሶ አደሮች የቀረበ የግንቦት ወር የግብርና ምክር

በየቤቱ ጓሮ ሥራ ፈትቶ የሚቀር አንድ ቁራጭ መሬት አይጠፋም። ከቤቱ በታች፣ የጣሪያው ውኃ የሚወርድበትና እጣቢ የሚደፋበት እርጥቡ ቦታ ነው። ድንች ቢተከልበት ይበሰብሳል፤ ጎመንም ክረምቱ ሲጠና ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ብዙዎቻችሁ ለአረም ትታችሁታል፤ እኛም ስናስተምር ስለ እርሻው እንጂ ስለዚህች ቁራጭ መሬት እምብዛም አንናገርም። ዘንድሮ ግን አንድ የምንመክረው ተክል አለ። ከውጭ የሚመጣ አይደለም፣ በገዛ ደጋችን የሚበቅለው አሸንዳ ነው።

አሸንዳን አበልቢላ የሚሉት አሉ፤ ሸመጥማጤ ወይም የዝንጀሮ አገዳ የሚሉትም አሉ። በስሙ ብንለያይም በመልኩ እንግባባ። ቅጠሉ ከመሬት አንሥቶ በአንድነት ተጠቅጥቆ ይወጣል፤ ጠባብና መሐሉ ጎድጎድ ያለ ሲሆን ርዝመቱ እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ክረምቱ ሲገባደድና በጥቢው ወራት ከመሐሉ አንድ ሜትር የሚደርስ ዘንግ ያበቅላል። በዘንጉ ጫፍ ላይ ትንንሽ ቱቦ መሰል አበቦች ጥቅጥቅ ብለው ይደረደሩና እንደተለኮሰ ችቦ ይታያሉ፤ ቀለማቸው ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ነው። አንድ ጊዜ ከተተከለ በየዓመቱ ከዚያው ሥር እየታደሰ ያብባል።

በሳይንስ ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ የሚባለው ይህ ዝርያ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ በተፈጥሮ አይገኝም። ወደ 70 የሚጠጉ ዘመዶቹ በአፍሪካ፣ በማዳጋስካርና በየመን ተሰራጭተዋል። አውሮፓውያን የደቡብ አፍሪካውን ዘመዱን ወስደው በየአትክልት ቦታቸው መትከል ከጀመሩ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ዛሬ ችግኙን በገንዘብ ይገዙታል። እኛ ዘንድ ግን ከብት ስለማይበላው ብቻ ከማይረቡ ተክሎች ተቆጥሯል። በግጦሽ በተጎዳ መሬት ላይ በብዛት መታየቱም ስሙን አላሳመረለትም። መሬቱን የጎዳው ግን ከልክ ያለፈ ግጦሽ ነው፤ አሸንዳው በኋላ የመጣ ነው።

ከፍታው ለአዊ ዞን ይስማማል። አሸንዳ የሚኖረው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,050 እስከ 4,000 ሜትር ባለው ደጋ ነው። እንጅባራ ወደ 2,560 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በዚሁ ክልል ውስጥ ትውላለች። ዳንግላ ግን 2,130 ሜትር ገደማ በመሆኗ በታችኛው ጠርዝ ላይ ናት፤ እዚያ የምትተክሉ ከቀትር በኋላ ጥቂት ጥላ የሚያገኝ ቦታ ምረጡለት፣ በበጋም ውኃ አታጓድሉበት። ከዚያ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ሌላ ተክል ቢፈልግ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አሸንዳ እርጥበት ይወዳል ሲባል ረግረግ ውስጥ ይተከል ማለት አይደለም። የሚወደው በእድገቱ ወራት ሥሩ ሥር የሚያልፍ ውኃ ነው፤ የቆመ ውኃ ግን ይገድለዋል። ቅጠሉ ከሥሩ ጋር የሚጋጠምበት አንገቱ በተለይ ውኃ ከተኛበት ከውስጥ ይበሰብስና ከላይ ምንም ሳያስታውቅ ይሞታል። አንድ ቀን ቅጠሉን ስትስቡት እጃችሁ ላይ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የሚደረግ ነገር የለም። ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት ቦታውን ፈትሹ። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩና ውኃ ሙሉበት። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሰረገ ቦታው ደግ ነው። አመሻሽ ላይ የሞላችሁት ውኃ ጠዋት ላይ ቆሞ ከጠበቃችሁ ግን እንዲሁ አትትከሉ።

እንዲህ ያለው ቦታ ግን ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። ለገብስና ለጤፍ ማሳ የምታወጡትን ፈሰስ ለጓሮውም አውጡለት። ከፈሰሱ የወጣውን አፈር ወደ ላይ ደልድላችሁ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩ፤ አሸንዳውም በመደቡ አናት ላይ ይተከል። ሥሩ ወደ ታች ወርዶ ከፈሰሱ እርጥበት ይጠጣል፣ አንገቱ ደግሞ ደረቅ ላይ ይቀመጣል። በቀይ አፈር ላይ ያላችሁ ይህን ያህል አትቸገሩም። ዋልካ ላይ ያላችሁ ግን መደቡን ሳትሠሩ ብትተክሉ ድካማችሁ ለከንቱ ነው። የፈሰሱን ጫፍ ወደ ጎረቤት አጥር ወይም ወደ መንገድ አታዙሩት፤ በአካባቢያችን ዝናብ አንድ ክረምት ቦዩን ገደል ለማድረግ ይበቃዋል።

ሌላው የቦታ ጉዳይ ፀሐይ ነው። ከዲከረንስ ግራር ችግኝ ሥር፣ ከባሕር ዛፍ አጠገብ ወይም በቀርከሃ ጥላ ውስጥ የተተከለ አሸንዳ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። ባሕር ዛፍና ቀርከሃ ደግሞ ጥላቸው ብቻ ሳይሆን ሥራቸውም ውኃውን ይሻማዋል። ቢያንስ የግማሽ ቀን ሙሉ ፀሐይ ያስፈልገዋል።

ችግኙ የሚገኘው ነባሩን እግር በመከፋፈል ነው። ከመንገድ ዳር ወይም ከወል መሬት ስታወጡ አስቀድማችሁ የቀበሌውን ፈቃድ ጠይቁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርና ከጥብቅ ደን ግን ጨርሶ አትቆፍሩ። ከሰፊ ቁጥቋጦ ጠርዙን ብቻ ቆርጣችሁ አንሡና መሐሉን ተዉት፤ የተቆፈረውንም ቦታ አፈር መልሱበት። ነባሩን እግር በዶማ ዙሪያውን ፈልፍላችሁ ከነአፈሩ ካነሣችሁ በኋላ፣ ከመሬት በታች ያለውን ወፍራም ሥረ ግንድ በተሳለ ቢላ ክፈሉት። እያንዳንዱ ክፋይ ቢያንስ አንድ ጤናማ የቅጠል ራስና የራሱ ሥር ሊኖረው ይገባል። ቅጠሉን ወደ ግማሽ አሳጥሩት፤ አለበለዚያ ገና ያልያዘው ሥር ሊመግበው ከሚችለው በላይ ውኃ በቅጠሉ ይተናል። የተቆረጠው ገላ ግማሽ ቀን በጥላ ይድረቅ፤ ደም ያልደረቀ ቁስል በእርጥብ አፈር ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል።

የሚተከልበት ጊዜ የግንቦት መጨረሻና የሰኔ መጀመሪያ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲያጥለቀልቁት ሥሩ መሬት ይዞ ሊቆያቸው ይገባል። በሐምሌ የተተከለው አብዛኛውን ጊዜ ሥር ሳያወጣ ውኃ ውስጥ ይቀራል። ለዚህ ያልደረሳችሁ አበባው ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ በጋውን ውኃ እያጠጣችሁ ልትተክሉ ትችላላችሁ፤ ድካሙ ግን እጥፍ ነው።

ጉድጓዱ በሁሉም አቅጣጫ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ከአፈሩ ጋር እኩል አደባልቁ። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥለዋል፤ ዩሪያም አትጨምሩበት፤ ቅጠሉን አወፍሮ አበባውን ይነሣዋል። የዞናችን አፈር አሲዳማ መሆኑ ይታወቃል፤ ለገብሱና ለስንዴው የተገዛውን ኖራ ግን ለአሸንዳ አታባክኑት፣ አሲዳማነቱ መጠነኛ ከሆነ ይቋቋመዋል። አንገቱ ከአፈሩ በታች ከ5 ሴንቲ ሜትር ብዙ አይለፍ፤ አፈሩን በእግራችሁ ቀስ ብላችሁ ጠቅጥቁት። በአንዱና በሌላው እግር መካከል ከ60 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ተዉ። መጀመሪያ ሲታይ የተራራቀ ይመስላል፣ በሦስተኛው ዓመት ግን ቅጠሉ ይገናኛል።

ከዘር ማብቀልም ይቻላል። ፍሬው ደርቆ ሲሰነጠቅ ጥቁሩን ዘር ልቀሙ፤ በለሰለሰ አፈር ላይ በትናችሁ በስሱ ሸፍኑት፣ እንዳይደርቅም ጠብቁት። ከዘር የወጣ ችግኝ ለማበብ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ያስጠብቃል። ታጋሽ ላልሆነ ሰው የሥር ክፋዩ ይሻላል።

በመጀመሪያው በጋ፣ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ፣ ውኃው ወሳኝ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአንድ እግር ከ5 እስከ 10 ሊትር በቂ ነው፤ ዕለት ዕለት ትንሽ ትንሽ ከመርጨት ይልቅ በእነዚያ ሁለት ቀናት ጠገብ አድርጎ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ያወርደዋል። የአትክልት ማጠቢያ ውኃ ይሆናል፤ ሳሙናና በረኪና ያለበት ግን አይሆንም። ዙሪያውን የገለባ ጉዝጓዝ አልብሱት፤ ገለባው አንገቱን እንዳይነካው አንድ ጋት ያህል ራቅ ይበል። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ በድርቅ ወራት አልፎ አልፎ ብታጠጡት ይበቃዋል።

የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ብዙ አያስፈራም፣ የደጋ ልጅ ነውና። የደረቀውን አሮጌ ቅጠል ግን በዚያን ጊዜ አትቁረጡበት፤ አንገቱን ከብርድ የሚጠብቀው እርሱ ነው። ማጭዱን ለግንቦት አቆዩት፤ አዲሱ ቅጠል ሊመጣ ሲል አሮጌውን ጥረጉ። ቀንድ አውጣና ቅርፊት አልባ ዘመዱ በቅጠሉ መካከል ስለሚደበቁ ስትጠርጉ እየለቀማችሁ አስወግዱ። ፍልፈል በሚበዛበት ጓሮ አዲስ ጉብታ ካያችሁ ሥሩ ባዶ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር አፈሩን በእግር ጠቅጥቁ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ገንዘብ ያመጣል ብለን አናታልላችሁም። አበባው ተቆርጦ ውኃ ውስጥ ሲቀመጥ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ከዘንጉ የታችኞቹ አበቦች ጥቂቱ ሲፈኩ ማለዳ መቁረጥ ነው። ለእንጅባራና ለዳንግላ ሆቴሎች ወይም ለሠርግ አልፎ አልፎ ሊሸጥ ይችል ይሆናል፤ ይህን አምኖ የድንቹን መደብ የሚለቅ ግን ይጸጸታል። የአገው ፈረሰኞች በዓል ጥር 23 ሲደርስማ ዋናው አበባ አልፏል፣ ያ ገበያ አይገኝም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ማር ጠጪዎቹ ትንንሽ ወፎች በረጅም ምንቃራቸው ይቀስሙታል፤ ንቦችም ይጎበኙታል፤ ቀፎ ያላችሁ አበባ ያለበት ወቅት እንዲረዝም ከፈለጋችሁ ከሌላው የንብ መኖ ጋር አንድ ረድፍ ጨምሩበት። ያ የተጣለ እርጥብ ቁራጭም የጓሮው ውበት ይሆናል። ለውበት መልፋት ቅንጦት ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ፈረሳችሁን ለበዓል ስትሸልሙ ያየ ሰው አያምናችሁም።

ሦስት ነገር ግን እናስጠንቅቅ። አሸንዳን በግጦሽ መሬት ውስጥ አትትከሉ፤ ከብቱና ፈረሱ ስለማይበሉት እየሰፋ የሣሩን ቦታ ይወስዳል። ለእርከን ማጠናከሪያም ቢሆን ደሾና ዝሆን ሣር ይሻላሉ፣ አፈሩን ይዘው መኖም ይሰጣሉና። ከሁሉም በላይ ሥሩን ቀቅላችሁ አትጠጡ። በባህላዊ መንገድ ለሆድ ቁርጠትና ለቁስል እንደሚውል እናውቃለን። በ1984 እ.ኤ.አ. ኤርምያስ ዳኜና ጀርመናዊው ዎልፍጋንግ ሽቴግሊክ ከዚሁ ሥር ክኒፎሎን የተባለ ንጥረ ነገር አውጥተዋል፤ ከዚያ ወዲህም ተመራማሪዎች በወባ ተሕዋስ ላይ ያለውን ኃይል በላቦራቶሪ ፈትነዋል። የላቦራቶሪ ብልቃጥ ሌላ፣ የሰው ሆድ ሌላ ነው፤ ልኩ ያልታወቀን ነገር፣ በተለይ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር፣ መስጠት አደጋ አለው። የታመመ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ፈሰስ አውጥታችሁም ውኃው አልወርድ ካላችሁ፣ ያንን ቦታ ለቀጤማ ልቀቁት፤ ለበዓል ይፈለጋል። ካላ የሚባለውን ነጭ፣ ጡሩምባ መሰል አበባ የምታውቁ ትጠይቁን ይሆናል። መነሻው ደቡብ አፍሪካ ሲሆን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር በሚደርስ ውኃ ውስጥ እንኳ ይኖራል፤ ለቆመ ውኃ ከአሸንዳ ይልቅ እርሱ ይስማማል። ሆኖም ቅጠሉም ሥሩም አፍና ጉሮሮ የሚያቃጥል ነገር አለው፤ በምዕራብ አውስትራሊያ ከጓሮ አምልጦ የግጦሽ መሬት የወረረ አረም ሆኗል። ልጆችና ጥጆች ከማይደርሱበት አጥር ውስጥ ካልሆነ፣ በምንጭና በወንዝ ዳርም ከሆነ፣ አትትከሉት።

አሸንዳችሁ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት መሐሉ ባዶ ሆኖ አበባው ከቀነሰ ታሟል ብላችሁ አትንቀሉት፤ ተጨናንቋል ማለት ነው። በሰኔ መጀመሪያ አንሥታችሁ እንደ መጀመሪያው ክፈሉትና ከጠርዙ የወጡትን ብርቱዎች መልሳችሁ ትከሉ። የተረፈውን ጎረቤት ሲጠይቅ ስጡት፤ ፈሰሱንም አብራችሁ አሳዩት።