በሮማ ከተማ ውሃ አቀባይ ሆኜ የተማርሁት

በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. በርእሰ መምህራችን ፈቃድ ሮማ ወደምትኖረው አክስቴ ዘንድ ሄጄ፥ በከተማይቱ ዓለም አቀፍ የማራቶን ሩጫ ላይ በበጎ ፈቃድ አገልግዬ ነበር። ለሌላው ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት የተማርሁትን ባጭሩ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ሥራው ልንገራችሁ። የማራቶን ርዝመት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ሯጭ በላብ ብዙ ውሃ ስለሚያጣ፥ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ገደማ የውሃ ገበታ ይዘጋጅለታል። ኩባያው እስከ አፉ አይሞላም፤ ሯጩ ሲቀበለው እንዳይፈስ ግማሹ ብቻ ይቀዳል። አቀባዩም ክንዱን ዘርግቶ ኩባያውን ላላ አድርጎ ይይዛል፤ አጥብቆ የያዘው እንደ ሆነ ውሃው በሯጩ ደረት ላይ ይደፋል። እኔም ይህን ያወቅሁት ሁለት ሰዎች ካጠመቅሁ በኋላ ነው። የተጣለውም ኩባያ ሰው እንዳያዳልጥ ቶሎ ቶሎ ይጠረጋል።

ቀጥሎ ጥፋቴን ልናገር። መሪዎቹ ሲደርሱ አንደኛው የአገሬ ልጅ መሰለኝ። ስለዚህ ገበታዬን ትቼ፥ ኩባያ ይዤ፥ «አይዞህ ወንድሜ!» እያልሁ ጎን ለጎኑ ሮጥሁ። እርሱ ግን እጁን አወዛውዞልኝ አለፈ፤ ለካ ለመሪዎቹ የየራሳቸው መጠጥ በሌላ ገበታ ተቀምጦላቸው ኖሯል። እኔ በዓይኔ ስሸኘው ተከታዮቹ ደረሱ። በበኩሌ የተቀዳ ውሃ ስላልነበረ አንድ ሽበታም ሯጭ የዘረጋውን እጅ ባዶውን መለሰ። የገበታው ኃላፊ የነበሩት ሴትዮ ሳይቆጡ፥ «ልጄ፥ ውሃው የፊተኛውም የኋለኛውም ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የመጨረሻው ሰው እስኪያልፍ ድረስ ከቦታዬ አልተነሣሁም።

በማግሥቱ አክስቴ ከተማውን አሳየችኝ። የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን አደባባይ አየሁ። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም ቆሟል። በጥንቱ የአፒያ መንገድም ላይ ጫማዬን አውልቄ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሞከርሁና መልሼ አጠለቅሁት። ሻምበል አበበ ቢቂላ ግን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፥ ማራቶኑን በሙሉ በባዶ እግሩ ሮጦ፥ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር አሸነፈ።

ቅስቱ ሥር ቆመን ሳለ አክስቴ፥ «ያን ጊዜ መሽቶ ስለ ነበር የኢጣልያ ወታደሮች በመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር» አለችኝ። የእነዚያን ወታደሮች ስም የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ ብርሃናቸው ግን ለአበበም ከእርሱ በኋላ ለመጡትም እኩል በርቷል። እኔ በገበታዬ ያጓደልሁት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ በትምህርት ቤታችን የስፖርት ቀን ውሃ አቀባይ የሆናችሁ እንደ ሆነ፥ የመጨረሻው ልጅ ሳይጠጣ ገበታውን አትልቀቁ።